ስትሸነፊ ለምን እልል አልን

መካነ ሰላም
ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ፣ ለየትሜ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ የገባው መርዶውን ከሰማሽ በኋላ መሆን አለበት። የሚያደርሰው የሼህ አሕመድኑር ልጅ ሰዓድ ነው፤ ለሱቃቸው ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ይሄዳል። አስምዬዋለሁ። «ወላሂ፣ አጎታችሁና ሽማግሌዎቹ ነግረዋት፣ አልቅሳ፣ ውሃ እስክትቀምስ ድረስ ከኪሴ አይወጣም» ብሎኛል። ስለዚህ እንደ ሌላው ደብዳቤ ጤናሽን በመጠየቅ አልጀምርም። እንዴት እንደሆንሽ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነኝ።

የምጽፍልሽ ከጨዋታው ማግስት ለቲቸር ፈንታዬ በላክሽው መልእክት የተነሳ ነው። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠራችኝና አሳየችኝ። «አገሬ በሽንፈቴ እልል ሲል በዓይኔ አየሁ። እናቴ ጭምር። ከእንግዲህ መካነ ሰላምን አልረግጣትም። ዓባይነህ ቢኖር ማንም አፉን አይከፍትም ነበር። ስልኩ ሲሠራ ይደውልልኝ በሉት» ይላል። አንብቤ ስልኩን ስመልስላት ቲቸር ፊቷን አዙራ ነበር።

እውነትሽን ነው። ዓባይነህ ቢኖር ማንም እልል አይልም ነበር። ነገሩ ግን አንቺ እንዳሰብሽው አይደለም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ወንድማችን ዓባይነህ ያረፈው እናንተ ካምፓላ በገባችሁ ሰሞን ነው። ከደጎሎ ስንዴ ጭነው ሲመጡ ቁልቁለቱ ላይ የመኪናው ፍሬን እምቢ አለ። እንደ ሁልጊዜው ታኮውን ይዞ ዘለለ፤ ጎማው ሥር ሊወሽቀው። ሾፌሩ ተርፏል። ቀብሩ ላይ መጥቶ እማዬ እግር ሥር ወደቀና «ዝለል ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው የዘለለው» እያለ ሲያለቅስ ዋለ። እማዬ «አውቃለሁ፤ ልጄን አውቀዋለሁ» ነበር ያለችው።

ላንቺ ማን ይንገር የሚለው ነገር የተነሳው በሠልስቱ ነው። እኔ በስልክ እንንገራት ብዬ ነበር። እማዬ አልሰማችኝም። «ማን ይይዝልኛል?» አለች። «መሬት ስትወድቅ ማን ያነሳልኛል? በሰው አገር፣ ሆቴል ውስጥ፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ልጄ ልትፈነዳብኝ ነው?» ሽማግሌዎቹም እንደ እሷ አሉ። ከካምፓላ እስክትመለሺ ሊጠበቅ፣ አዲስ አበባ ስትገቢ አጎታችን ከዕድራቸው ሽማግሌዎች ጋር ጎሕ ሳይቀድ መጥተው ሊነግሩሽ ተወሰነ። ከተማውን ለማስጠንቀቅ ሼህ አሕመድኑር በመስጊዱ በኩል፣ የነፍስ አባታችን በቤተክርስቲያን በኩል ተናገሩ። በፌስቡክ ማንም እንዳይለጥፍ ተባለ። ማንም አልለጠፈም። እኔ በበኩሌ ስልክ ሳነሳ ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ሁሌም ቀድሜ ውሃ እጠጣ ነበር።

ያን ጊዜ ነው አንቺ የደወልሽው። «ዓባይነህ መተማ ጭነት ይዞ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም» አልኩሽ። አንቺ ግን ስለ ጨዋታው ነበር የምታወሪው። ቅዳሜ ከዩጋንዳ ታዳጊዎች ጋር ሆኪ እንደምትጫወቱ፣ ጨዋታው በኢንተርኔት በቀጥታ እንደሚተላለፍ፣ ቲቸር ፈንታዬ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በፕሮጀክተር እንደምታሳይ። «ሲያልቅ ቡድን መሪያችን ስልክ ታስፈቅድልናለች። እማዬን አዳራሹ ውስጥ ማየት አለብኝ። ካላየኋት አንድ ነገር ሆናለች ብዬ ነው የማስበው። እሺ?»

እሺ አልኩሽ። ሌላ ምን እላለሁ?

ቤት ውስጥ ይህን ስነግር ጋሼ ንጉሡ ከመቀመጫቸው ተነሱ። የታች ሰፈርን የገና ቡድን ለስንት ዘመን እንደመሩ ታውቂያለሽ፤ አሁንም ሲናገሩ የገና ዱላ የያዙ ይመስላቸዋል።

«ምን? ልጇን ቀብራ ጨዋታ ልታይ? አፈሩ ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል!»

«የትኛው ሰው?» አሉ ሼህ አሕመድኑር።

«ሰው ነዋ! አገሩ!»

«አገሩ እዚህ ተቀምጧል፣ ንጉሡ። አንተ ነህ፣ እኔ ነኝ። የሚለውን እኛው ነን የምንለው። እንግዲህ ደግ ደጉን እንበል።»

ጋሼ ንጉሡ ቁጭ አሉ። ሁሉም እማዬን አየ። እማዬ የለበሰችውን ጥቁር ዳሰስ አደረገችና «ነጠላዬን እጠቡልኝ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ መድና መጣች። እማዬ ፀጉሯን ተላጭታ ስለነበር ሻሽ ብቻውን አይሸፍነውም። እትዬ መድና በራሷ አስተሳሰር፣ ግንባሯን ጆሮዋን ሸፍና አሰረችላት። ነጩን ነጠላ አለበሰቻት። ከዚያ ራቅ ብላ አየቻትና «አብሽሪ፣ ሰርግ የምትሄጂ ነው የምትመስዪው» አለቻት። እማዬ መስታወት አላየችም።

ልንወጣ ስንል ስልክ ተደወለ። ከወግዲ ነው፤ የአክስታችን የእትዬ ወርቂቱ ልጅ። እትዬ ወርቂቱ ቆላ ወርዳ ልጇን ስታርስ ከርማ፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ መርዶውን የሰማችው በዚያው ጠዋት ነበር። «እየጮኸች መኪና ላይ ወጥታለች፣ ልይዛት አልቻልኩም» አለኝ።

እትዬ ወርቂቱን ታውቂያታለሽ። የአባታችን እህት፣ ወግዲ ውስጥ ለሙሾ የምትጠራ ሴት። ለሩቅ ጎረቤት እንኳን ስታለቅስ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ለዓባይነህማ! አንቺ ስልክ ላይ ሳለሽ አዳራሹ በር ላይ ብትደርስስ? ለማንም ሳልናገር ሰዓድን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ወርዳ ስትመጣ ይዘን፣ ነገሩን አስረድተን፣ በጓሮ በኩል ቤት ልናስገባት ነበር። የወግዲ መኪና ግን ዘገየ። አንዱ ጎማ ፈንድቶባቸው ነው አለ፣ ሌላው አልተነሱም አለ። ጨዋታው ሊጀምር ሲል ሰዓድ «አንተ ሂድ፣ እህትህ ብትፈልግህ አትጠፋ። እኔ እጠብቃታለሁ» አለኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መስኮቱ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። እማዬ ከፊት ወንበር፣ እትዬ መድናና ቲቸር ፈንታዬ መካከል ተቀምጣለች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አንድ ዓይኔ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ።

አረንጓዴ ማሊያ ለብሳችሁ ስትወጡ ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። እንደዚያ ያለ ሜዳ አይቶ የሚያውቅ የለም፤ ሰማያዊ ነው፣ ውሃ ይረጩበታል። ጋሼ ንጉሡ «ይሄ ሁሉ ውሃ እዚህ ቢሆን ገብስ ያበቅል ነበር» አሉ። መዝሙሩ ሲዘመር እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ካሜራው ሲያልፍብሽ እማዬ ከወንበሯ ትንሽ ተነስታ ተቀመጠች።

ሕጉን ማንም አያውቀውም ነበር። ቲቸር ስታስረዳ ድምፅዋ አለቀ።

«አሁን ምን ሆነ ብሎ ነው የሚነፋው?» አሉ ጋሼ ንጉሡ።

«ኳሷ እግሯን ነክታ ነው፣ ጋሼ።»

«እግር ነካ ብሎ! በእኛ ጊዜ የገናው ሩር ጥርስ አውልቆ ማን ነፋ?»

«ለዚያ ነዋ የሌለዎት» አለ ከኋላ አንዱ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እማዬም ሳቀች። ሳቀችና ወዲያው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው፣ የሰው ዕቃ እንደ ነካ ልጅ።

መጀመሪያ ሲያገቡባችሁ አየሁ። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንቺ ከመሀል ተነስተሽ ሁለቱን አልፈሽ፣ ለዚያች አጭሯ ልጅ ስታቀብያትና ስታገባው ሰዉ ተነስቶ ስላልታየኝ በጩኸቱ ነው ያወቅኩት። አመታትሽ የዓባይነህ ነው። ዱላውን ዝቅ አድርገሽ፣ ትከሻሽን ቀድመሽ ሰጥተሽ። ጋሼ ንጉሡም አዩት። «ይሄ የማን እጅ ነው?» ሊሉ ጀምረው እማዬን አዩና ቀሪውን ዋጡት። ልደት ላይ፣ በገና ጨዋታው፣ ከወንዶቹ ጋር ሴት አትገባም ሲሉሽ ዓባይነህ «እህቴ ካልገባች እኔም ወጣሁ» ብሎ ዱላውን መሀል ሜዳ የጣለው በማን ፊት ነበር? በእሳቸው ፊት አይደል?

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሁለት ለአንድ ሲመሩ ሰዓድ ደወለ። «የወግዲው መኪና ገባ። እትዬ ወርቂቱ የለችም።»

«እንዴት የለችም?»

«ከከተማው መግቢያ ላይ ወርዳለች አሉኝ።»

ገባኝ። ከሩቅ የመጣ ለቅሶኛ መናኸሪያ ላይ አይወርድም። ከመግቢያው ጀምሮ በእግሩ፣ እያለቀሰ ነው የሚገባው። እኛ ሁለታችን ይህን ሳናስብ መናኸሪያ ቆመን ነበር! «ወደ ቤት ሩጥ» አልኩት ሰዓድን። እኔ ከበሩ መነቃነቅ ፈራሁ፤ ወደ ቤት ስሄድ እሷ በሌላው መንገድ ብትመጣስ?

ልክ በዚያ ሰዓት ነው የቅጣት ምቱን ያገኛችሁት። ኳሷን አስቀመጥሽ። አንቺና ያቺ እንደ ንብ አርቢ የለበሰችው ግብ ጠባቂ ብቻ ቀራችሁ። ዱላውን አነሳሽ። ምስሉ ቀጥ አለ።

ኔትወርኩ ነው። ዱላሽ እንደ ተነሳ፣ አፍሽ እንደ ተከፈተ ግድግዳው ላይ ቀረሽ። ቲቸር ስልኩን ወደ ላይ፣ ወደ መስኮት ታነሳዋለች። «አትነኪው፣ አትነኪው!» ይሏታል። «ገባ?» አለች እማዬ። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ፤ ባዶ ነው። ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ እንደዚያው ነሽ። እማዬ ደግማ «ገባ ወይ?» አለች።

ምስሉ ሲመለስ ቀይ የለበሱት ዩጋንዳዎች ግብ ጠባቂያቸውን አቅፈው ይዘላሉ። አንቺ ተንበርክከሻል።

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ አልነበረም፣ የትሜ። ይህን እወቂልኝ። ያን ጊዜ እልል ያለ የለም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጋሼ ንጉሡ «አይዞሽ፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉ፣ እንደምትሰሚያቸው ሁሉ።

ከዚያ ደወልሽ። ቲቸር ስልኳን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝታው ስለነበር ፊትሽ ግድግዳውን ሞላው። ላብና እንባ ሆነሽ ነበር። «አበላሸሁት። በእኔ ነው የተሸነፍነው» አልሽ።

«አብሽሪ ልጄ» አለች እማዬ። ድምፅዋ ደህና ነበር።

«እማዬ፣ ምነው እንደ እትዬ መድና አሰርሽ?»

«እኔ ነኝ ያሰርኩላት!» አለች እትዬ መድና ብድግ ብላ። «በቴሌቪዥን የምትታይ እናት እንዲሁ ትምጣ? ምነው፣ አላማረባትም?»

ሳቅ አልሽ። ከዚያ «ዓባይነህስ? ደወለ? አየኝ?» አልሽ።

እማዬ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከበሩ ድረስ አየሁት፤ ቃል ግን የለም። ቲቸር ፈንታዬ ቶሎ ብላ «ቸኮል! ቸኮል እዚህ አለ፣ ቸኮል፣ ና እህትህን ሰላም በላት!» ብላ ጮኸች።

በሩን ትቼ መሄድ አልፈለግኩም። አንቺ ግን «ቸኬ የት አለ?» ትያለሽ። ሄድኩ። ልክ ስልኩ ፊት ስቆም ያልሽኝን ታስታውሻለሽ። «አንተ ባለጌ፣ አዳራሽ ውስጥ ኮፍያ? ቲቸር ቆማ?»

ሁሉም ከኮፍያው በታች ምን እንዳለ ያውቃል። አወለቅኩት። የተላጨውን ራሴን ስታዪ ግንባርሽ ተቋጠረ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ቆርቆር ይዞኝ» አልኩሽ።

«ከፍየል ጋር እያደረ ምን ይያዝ?» አሉ ጋሼ ንጉሡ ጮክ ብለው። ሰዉ ሳቀ። አንቺም ከልብሽ ሳቅሽ፣ እንባሽን እየጠረግሽ። «ነጭ ሽንኩርት ቀቡት!» አልሽ። ለአንድ አፍታ ያለፍነው መሰለኝ። ሊያልቅ ነው፣ ደህና ሁኑ ትላለች፣ በቃ ብዬ አሰብኩ።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከአጥሩ ውጭ፣ ከታች መንገድ። መጀመሪያ ቃል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ቀረበ፤

«ከወግዲ ስነሳ ትቀበላለህ ብዬ፣
በርህ ተዘጋብኝ…»

ቤት ሄዳ ባዶ ሆኖባት ነበር። የጎረቤት ልጅ «ትምህርት ቤት ኳስ ሊያዩ ሄደዋል» ብሏታል። አስቢው፤ ልጁ ሞቶ ቤቱ ተዘግቶ ሰዉ ኳስ እያየ! በለቅሶና በንዴት እየመጣች ነው። የሙሾዋ ቀጣይ ቃል ደግሞ ስሙ ነው። ሁላችንም አወቅን። አንቺም ጆሮሽን አቀናሽ፤ አየሁሽ፣ «ምንድን ነው እሱ?» ልትዪ ነበር።

እማዬ ተነሳች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። እጇን አፏ ላይ አደረገችና እልልልልል አለች።

እንደዚያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ለሰርግም፣ ለክርስትናም፣ ለታቦትም። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሁሉ ተገትሯል። ዓይኗ አንቺ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻዋን አለችው። ሁለተኛውን እትዬ መድና ተቀበለቻት። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ፤ ገባቸው። ወንዶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጋሼ ንጉሡ ወንበሩን በዱላቸው ይደበድባሉ፤ መስኮት ላይ ያሉት ልጆች ቆርቆሮውን ይመታሉ። እትዬ ወርቂቱ በሩ ላይ ደርሳ የወንድማችንን ስም ስትጠራ አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ እንጂ አልሰማኋትም። አጠገቧ እየሮጥኩ ሄጄ እንኳን አልሰማኋትም።

አንቺ ግን ያየሽው ሌላ ነው። ልጅ ሆነን የላይ ሰፈሮች በገና ጨዋታ ሲያሸንፉን ሴቶቻቸው ዙሪያችንን ከበው እልል እያሉ ሲሰድቡን፣ አንቺ እራት ሳትበይ ስታድሪ ትዝ ይለኛል። «መሸነፉ አይደለም፣ እልልታው ነው» ትዪ ነበር። አሁን እናትሽ፣ ጎረቤትሽ፣ አስተማሪሽ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ፊትሽ ግድግዳው ላይ ሲለወጥ አየሁት። ከአንዱ ወደ አንዱ አየሽን። በመጨረሻ እማዬን አየሻት። እማዬ አላቆመችም። ብታቆም ትሰሚያለሽ። አንቺ ስልኩን እስክትዘጊው ድረስ፣ እልልታውን እንደምትጠዪው እያየች፣ አላቆመችም።

ግድግዳው ነጭ ሲሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አለ። እትዬ ወርቂቱ ከበሩ ላይ እማዬን በስሟ ጠርታ «በዛች!» አለች። «ልጅሽን ቀብረሽ እልል ትያለሽ? በዛች፣ አብደሻል?»

እማዬ ወደ እሷ ሄደች። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ በአየር ነው የምታወራው። «አላወቀችም፣ ወርቂቱ» አለቻት። «ልጄ አላወቀችም። በሰው አገር ናት።»

እትዬ ወርቂቱ ግድግዳውን አየች፣ የሰዉን ፊት አየች፣ የእማዬን ነጭ ነጠላ አየች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና የነጠላዋን ጫፍ አጥብቃ አፏ ውስጥ ከተተችው። ሼህ አሕመድኑር መጥተው በሩን ዘጉ። ሴቶቹ ሊያለቅሱ ሲሉ እማዬ እጇን አነሳች። «አሁን አይደለም። የትምወርቅ ስትመጣ» አለች።

ሰዉ እንዲሁ፣ ለቅሶውን ይዞ ወደየቤቱ ሄደ። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው።

እትዬ ወርቂቱ ወደ ወግዲ አልተመለሰችም። ቤታችን ናት። ሙሾ ሳታወርድ ስትውል አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጥጥ እየፈተለች ዝም ብላ ትቀመጣለች። የእማዬ ድምፅ አሁን ትንሽ ትንሽ ተመልሷል። የላክሽውን መልእክት አላየችም፤ ቲቸርና እኔ ብቻ ነን ያየነው። ግን ትጠይቀኛለች። «ለምን አትደውልም? ያን ጊዜ ፊቷን አይተኸዋል?» ትለኛለች። «ደክሟት ነው» እላታለሁ። «አይ፣ ቀይማኛለች» ትላለች። «ትቀየመኝ። ቅያሜ ይሻላል።» ትናንት ማታ ደግሞ «ባትመጣስ?» አለችኝ። ቀብሩ ላይ እንኳን እንደዚያ ያለ ፊት አልነበራትም።

ስለዚህ ለአንቺ የምለው ይህ ነው። ነይ። ለመሸነፍሽ ማንም አልሳቀም። ያ እልልታ የዓባይነህ ስም ጆሮሽ እንዳይገባ እማዬ ያቆመችው አጥር ነው። ስትደርሺ ይቅርታ ልትጠይቅሽ ትሞክር ይሆናል፤ አታስጨርሻት።

ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ብርዱ በርትቷል፤ ወፍራም ነገር ልበሺ። አጎታችንና ሚስቱ አብረውሽ ይመጣሉ ተብሏል። እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናላችሁ፤ ለወንድማችን ነፍስ ዕረፍት ይስጥልን፤ አንቺን ደግሞ ለእማዬ ያቁምልን። ሼህ አሕመድኑርና እትዬ መድና ዱዓችን ከእሷ ጋር ነው በላት ብለዋል። ጋሼ ንጉሡ መጻፌን ሲያዩ ቆመው ጠበቁኝ።

አንድ ነገር አደራ። ስትገቢ መናኸሪያ ድረስ አትምጪ። ከከተማው መግቢያ ውረጂና ከዚያ ጀምሪ። ድምፅሽን አትቆጥቢ፣ ስሙን ጥሪው፣ ሁላችንም እንድንሰማ። ማንም አይሸፍንብሽም። ድንኳኑን ዳግመኛ ተክለነዋል። ከበሩ ቀድሞ የሚወጣው እኔ ነኝ፤ እስካሁን ስልክ የማነሳው እኔ ስለነበርኩ የኔ የማልቀሻ ተራ አልደረሰም።

የአንቺው ታናሽ ወንድም፣
ቸኮል